የሃይድሮጅን አቶም በሌዘር ብርሃን እንዴት ይለካል?

ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ ይባላል። የፍጥረትን ነገር ከሥሩ ለማወቅ የሚፈልግ ሰውም ከሁሉ አስቀድሞ ቀላሉንና ትንሹን ነገር ቢመረምር ይሻለዋል። በዓለም ካሉት አቶሞች ሁሉ ቀላሉ የሃይድሮጅን አቶም ነው። በመካከሉ አንድ ፕሮቶን አለ፤ በዙሪያው አንድ ኤሌክትሮን አለ፤ ከዚህ በቀር ምንም የለውም። ስለዚህ የፊዚክስ ሊቃውንት ስለ ፍጥረት ያወጡት ሕግ እውነት መሆኑንና አለመሆኑን ለመፈተን ሲፈልጉ፥ ከመቶ ዓመት በላይ ደጋግመው ወደዚሁ ወደ ትንሹ አቶም ተመልሰዋል።

በዚህ ጽሑፍ ለመግለጽ ያሰብሁት፥ ይህ ፈተና እንዴት እንደሚደረግና በ2010 ዓ.ም. ስለ ፕሮቶን ልክ የተነሣውን ትልቅ ክርክር ነው። ሁለት ዓይነት ልኬት ተደርጎ በመካከላቸው ከመቶ አራት እጅ ልዩነት ተገኘ። ከመቶ አራት እጅ ለገበያ ሰው ምናልባት የማያጣላ ነገር ይሆናል፤ ለፊዚክስ ሊቃውንት ግን ዐሥር ዓመት ያህል እንቅልፍ የነሣ ነገር ሆነ። ምክንያቱን ለመረዳት ከመሠረቱ መነሣት አለብን። ወላጆቻችንም ሆኑ ፊዚክስ ያልተማሩ አንባብያን ነገሩን እንዲከተሉት በተቻለ መጠን በቀላል ቃል እገልጸዋለሁ። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እያንዳንዱ አቶም የራሱ ብርሃን አለው

ጥቂት ጨው በነበልባል ላይ ብንበትን ነበልባሉ ወዲያው ብጫ ይሆናል። ይህ ብጫ ቀለም በጨው ውስጥ ያለው የሶዲየም ምልክት ነው። እንዲሁም ሃይድሮጅን ጋዝ በመስተዋት ቱቦ ውስጥ ተዘግቶ የኤሌክትሪክ ኃይል ቢያልፍበት ሮዝ የመሰለ ብርሃን ይሰጣል። ይህ ብርሃን ፕሪዝም በሚባለው ባለ ሦስት ማዕዘን መስተዋት ውስጥ ሲያልፍ፥ እንደ ቀስተ ደመና የተያያዘ ሆኖ ሳይሆን፥ የተለያዩ ቀጫጭን መሥመሮች ሆኖ ይታያል። አንዱ መሥመር ቀይ ነው፤ አንዱ አረንጓዴ የቀላቀለ ሰማያዊ ነው፤ ሌሎቹ ወደ ሐምራዊ ያደላሉ።

የእነዚህን መሥመሮች ምሥጢር በመጀመሪያ የፈታው በታላቅ ላቦራቶሪ የሚሠራ ሰው አልነበረም። በስዊስ አገር በባዝል ከተማ በሴቶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተምር የነበረ ዮሐን ያኮብ ባልመር የተባለ መምህር ነው። ባልመር በ1885 ዓ.ም. በስድሳ ዓመት ዕድሜው የአራቱን መሥመሮች ልክ ተመልክቶ ሁሉም ከአንድ ቁጥር እንደሚወጡ አገኘ። ቁጥሩ ወደ 364.56 ናኖ ሜትር ነው። (ናኖ ሜትር ማለት ከአንድ ሚሊ ሜትር ሚሊዮን እጅ አንዱ ነው።) ይህን ቁጥር በ9/5 ብናባዛ የቀዩን መሥመር የሞገድ ርዝመት 656.2 እናገኛለን። በ4/3 ብናባዛ 486.1፥ በ25/21 ብናባዛ 434.0፥ በ9/8 ብናባዛ 410.1 ይሆናል። ክፍልፋዮቹም በዘፈቀደ የመጡ አይደሉም፤ 3፥ 4፥ 5 እና 6 የተባሉትን ቁጥሮች እያንዳንዳቸውን በራሳቸው አባዝቶ፥ የተገኘውን ከእርሱ 4 ተቀንሶ በሚቀረው ማካፈል ነው። ማንኛውም ተማሪ በእርሳስና በወረቀት ሊያረጋግጠው ይችላል።

ባልመር ቁጥሩን አገኘ እንጂ ምክንያቱን አላወቀም። ምክንያቱን በ1913 ዓ.ም. የገለጸው የዴንማርኩ ሊቅ ኒልስ ቦር ነው። እንደ ቦር አባባል ኤሌክትሮን በደረጃ ላይ እንደ ቆመ ሰው ነው። በአንደኛው እርከን ወይም በሁለተኛው እርከን ላይ ሊቆም ይችላል፤ በሁለቱ መካከል ግን ሊቆም አይችልም። ከላይኛው እርከን ወደ ታችኛው ሲወርድ የልዩነቱን ኃይል በብርሃን አድርጎ ያወጣዋል። ከታች ወደ ላይ እንዲወጣ ደግሞ ልክ ያን ያህል ኃይል ያለው ብርሃን ሊሰጠው ይገባል።

እንግዲህ የብርሃኑን ልክ ማወቅ ማለት በእርከኖቹ መካከል ያለውን ከፍታ ማወቅ ማለት ነው። ቲዎሪው የእርከኖቹ ከፍታ ይህን ያህል ነው ብሎ አስቀድሞ ይናገራል፤ የሙከራ ሰው ደግሞ ብርሃኑን ለክቶ እውነት ነው ወይም አይደለም ብሎ ይመሰክራል። የፈተናው ሥርዓት በሙሉ ይኸው ነው።

ትንሽ ልዩነት ያመጣው ትልቅ ትምህርት

በ1928 ዓ.ም. ፖል ዲራክ የተባለው የእንግሊዝ ሊቅ ከቦር የተሻለ ቲዎሪ አወጣ። በዲራክ ቲዎሪ መሠረት በሁለተኛው እርከን ላይ ኤሌክትሮኑ ሊኖርባቸው ከሚችላቸው ሥፍራዎች ሁለቱ ከፍታቸው ፍጹም እኩል ነው። በ1947 ዓ.ም. በኒው ዮርክ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ዊሊስ ላምና ሮበርት ሬዘርፎርድ ይህን ለመመርመር ተነሡ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለራዳር ሲባል የተስፋፋውን የአጭር ሞገድ ጥበብ ወስደው በሃይድሮጅን ላይ ሞከሩት። ሁለቱ ሥፍራዎች እኩል ሆነው አልተገኙም። በመካከላቸው በሰከንድ ወደ 1,058 ሚሊዮን ንዝረት የሚሆን ልዩነት ነበረ። ይህ ከአንደኛው እስከ ሁለተኛው እርከን ካለው ከፍታ ጋር ሲነጻጸር ከሁለት ሚሊዮን አንድ እጅ እንኳ አይሞላም።

ታዲያ ይህን ያህል ትንሽ ነገር ችላ ሊባል አይቻልምን? አልተባለም። ሃንስ ቤተ የተባለው ሊቅ ነገሩን በስብሰባ ላይ ሰምቶ ሲመለስ በባቡር ላይ ሆኖ የመጀመሪያውን ሒሳብ አሰላ። ከዚያም ቶሞናጋ በጃፓን፥ ሽዊንገርና ፋይንማን በአሜሪካ ቲዎሪውን አስፋፍተው ፈጸሙት። ይህ ቲዎሪ የሚያስተምረው፥ ባዶ የሚባለው ሥፍራ በእውነት ባዶ እንዳልሆነ ነው። በባዶው ሥፍራ የኤሌክትሪክ መስክ ሳያቋርጥ ይንቀጠቀጣል፤ ኤሌክትሮኑንም እየነቀነቀ እርከኑን በጥቂት ከፍ ያደርገዋል። ላም በ1955 ዓ.ም.፥ ሦስቱ የቲዎሪ ሊቃውንት ደግሞ በ1965 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ከሁለት ሚሊዮን አንድ እጅ የማይሞላ ልዩነት አዲስ የፊዚክስ ምዕራፍ ከፈተ ማለት ነው። የኋለኞቹ ሊቃውንት ጥቂት ልዩነት ባዩ ጊዜ ሁሉ ልባቸው የሚመታው ስለዚህ ነው።

ሌዘር ለልኬት ያመጣው ኃይል

ተራ ብርሃን በገበያ ውስጥ እንደሚተራመስ ሕዝብ ነው፤ እያንዳንዱ ሞገድ በየራሱ ጊዜና በየራሱ አቅጣጫ ይሄዳል። የሌዘር ብርሃን ግን አንድ እግር ሆኖ እንደሚረግጥ የወታደር ሰልፍ ነው። ቴዎዶር ሜይማን የመጀመሪያውን ሌዘር በ1960 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ በሰው ሠራሽ ቀይ ዕንቍ አማካይነት ከሠራ በኋላ፥ የአቶምን እርከኖች ለመለካት አዲስ መሣሪያ ተገኘ። ነገር ግን ከሥራው በፊት ሁለት ችግሮች መወገድ ነበረባቸው።

የመጀመሪያው ችግር የአቶሞቹ ሩጫ ነው። ወደ እኛ የሚመጣ መኪና ጥሩምባውን ሲነፋ ድምፁ ቀጠን ብሎ ይሰማል፤ አልፎን ሲሄድ ግን ይጎረናል። አቶሞችም በጋዝ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ስለሚሮጡ ብርሃኑን አንዱ ከፍ፥ ሌላው ዝቅ አድርጎ ያየዋል፤ መሥመሩም ይደበዝዛል። ለዚህ የተገኘው መድኃኒት፥ ሁለት የሌዘር ጨረሮችን ፊት ለፊት አጋጥሞ አቶሙ ከእያንዳንዱ አንድ አንድ የብርሃን ቅንጣት በአንድ ጊዜ እንዲወስድ ማድረግ ነው። ከፊት የመጣው የጨመረውን ከኋላ የመጣው ይቀንሰዋል፤ የሩጫውም ጉዳት ይጣፋል። በዚህ መንገድ በ1975 ዓ.ም. በአሜሪካ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ቴዎዶር ሄንሽና ባልደረቦቹ ኤሌክትሮኑን ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው እርከን ሲያወጡት ተመለከቱ።

ሁለተኛው ችግር የመቁጠር ችግር ነው። ብርሃን በአንድ ሰከንድ ውስጥ በሚሊዮን ጊዜ ሺህ ሚሊዮን የሚቆጠር ጊዜ ይነዝራል። ይህን በቀጥታ የሚቆጥር መሣሪያ የለም። በሌላ በኩል ሰከንድ ራሱ ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ የሚተረጎመው ሲዚየም ከተባለው አቶም በሚገኝ ንዝረት ሲሆን፥ ቁጥሩ 9,192,631,770 ነው። ይህ በመሣሪያ ይቆጠራል፤ ከብርሃን ንዝረት ጋር ሲነጻጸር ግን እጅግ ዝግተኛ ነው። ሁለቱን የሚያገናኝ ድልድይ አስፈለገ። ድልድዩ የብርሃን ማበጠሪያ የሚባለው ነው። ይህ ልዩ ሌዘር በአንድ ጊዜ ብዙ ሺህ ቀለሞችን ያወጣል፤ ቀለሞቹም እንደ ማበጠሪያ ጥርሶች እኩል ተራርቀው ይሰለፋሉ። በሁለት ጥርሶች መካከል ያለው ርቀት በሲዚየም ሰዓት ይቆጠራል። እንግዲህ የማይታወቀው ብርሃን ከስንተኛው ጥርስ አጠገብ እንደ ወደቀ ካወቅን፥ የቀረው ተራ ሒሳብ ነው። ስለዚህ ጥበብ ሄንሽና አሜሪካዊው ጆን ሆል በ2005 ዓ.ም. ከኖቤል ሽልማት ድርሻቸውን ተቀበሉ።

በጀርመን አገር በሙኒክ አጠገብ በጋርሺንግ የሚገኘው የማክስ ፕላንክ የኳንተም ብርሃን ምርምር ተቋም በ2011 ዓ.ም. ያወጣው ውጤት የሚከተለው ነው። በሃይድሮጅን አቶም ከአንደኛው እስከ ሁለተኛው እርከን ያለው ልክ በሰከንድ 2,466,061,413,187,035 ንዝረት ነው፤ ስሕተቱም ወደ 10 ንዝረት ብቻ ነው። ይህ ምን ያህል ጥንቃቄ እንደ ሆነ ለመረዳት፥ ከምድር እስከ ፀሐይ ያለውን 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር የለካ ሰው እናስብ። እንደ ጋርሺንጎቹ ቢለካ ስሕተቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር፥ ማለት ከአንዲት ፍሬ ጤፍ ውፍረት አይበልጥም ነበር።

የፕሮቶን ልክ በዚህ ውስጥ ምን አገባው?

ፕሮቶን እጅግ ትንሽ ነው። ፕሮቶኑን አንዲት ፍሬ ጤፍ አድርገን ብናስብ፥ ኤሌክትሮኑ ከእርስዋ ወደ 30 ሜትር ርቆ ይገኛል። በመካከላቸው ያለው ሁሉ ባዶ ነው። ሆኖም ኤሌክትሮን በአንድ ሥፍራ ተወስኖ የሚኖር ነገር ስላልሆነ፥ አንዳንድ ጊዜ ፕሮቶኑ ውስጥ ሊገኝ ይችላል። በዚያን ጊዜ የሚስበው ኃይል ከወትሮው ይቀንሳል፤ እርከኑም በጥቂት ከፍ ይላል። የመጀመሪያው እርከን በዚህ ምክንያት የሚያገኘው ለውጥ በሰከንድ ወደ አንድ ሚሊዮን ንዝረት ብቻ ነው።

በባልመር ዘመን ይህን ያህሉን ማንም ሊያየው አይችልም ነበር። ስሕተቱ ወደ ዐሥር ንዝረት በወረደበት ዘመን ግን እጅግ ትልቅ ነገር ሆነ። የፕሮቶኑ ልክ ካልታወቀ ቲዎሪው የእርከኑን ከፍታ በትክክል ሊናገር አይችልም። ስለዚህ ሊቃውንቱ ብዙ የተለያዩ የሃይድሮጅን መሥመሮችን ለክተው፥ ከእነርሱ የፕሮቶኑን ልክ ራሱን በሒሳብ አወጡ። ሌላም መንገድ ነበረ። ሮበርት ሆፍስታተር በ1950ዎቹ በስታንፎርድ እንዳደረገው፥ ፈጣን ኤሌክትሮኖችን በፕሮቶን ላይ ወርውሮ እንዴት እንደሚበተኑ መመልከት ነው። ለዚህም ሥራ በ1961 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል።

ሁለቱም መንገዶች ወደ አንድ ቁጥር አደረሱ። ከፕሮቶን መካከል እስከ ዳርቻው ያለው ልክ ወደ 0.88 ፌምቶ ሜትር ነው ተባለ። (ፌምቶ ሜትር ማለት ከአንድ ናኖ ሜትር ሚሊዮን እጅ አንዱ ነው።) ኮዳታ የተባለው የሊቃውንት ማኅበር ለዓለም በሚያወጣው የቋሚ ቁጥሮች ሠንጠረዥ ላይ 0.8768 ተብሎ ተጻፈ፤ የስሕተቱም ወሰን 0.0069 ሆኖ ተመዘገበ። ነገሩ ያለቀ ይመስል ነበር።

በኤሌክትሮን ፈንታ ሙዮን

በተፈጥሮ ውስጥ ሙዮን የሚባል የኤሌክትሮን ታላቅ ወንድም አለ። የኤሌክትሪክ ጠባዩ ከኤሌክትሮን ጋር አንድ ነው፤ ክብደቱ ግን ወደ 207 ጊዜ ይበልጣል። ዕድሜው አጭር ነው፤ በአማካይ ከአንድ ሰከንድ ሚሊዮን እጅ ሁለት እጅ ያህል ኖሮ ይጠፋል። ሙዮን በኤሌክትሮን ፈንታ በፕሮቶን ዙሪያ ቢቀመጥ፥ ስለ ክብደቱ ወደ ፕሮቶኑ እጅግ ይቀርባል። በጤፍዋ ምሳሌ 30 ሜትር የነበረው ርቀት አንድ ስንዝር እንኳ ወደማይሞላ ይወርዳል። በፕሮቶኑ ውስጥ የመገኘቱም ዕድል ከስድስት ሚሊዮን ጊዜ በላይ ይበዛል። ስለዚህ የፕሮቶን ልክ በተራው ሃይድሮጅን እንደ ሹክሹክታ ቢሰማ፥ በሙዮን ሃይድሮጅን እንደ ጩኸት ይሰማል።

ይህን ሙከራ ያደረጉት ከብዙ አገር የተሰበሰቡ ሊቃውንት ናቸው፤ ከእነርሱም አንዱ ራንዶልፍ ፖል ነው። ሥፍራው በስዊስ አገር በቪሊገን የሚገኘው የፖል ሸረር ተቋም ነው። ሙዮኖችን በሳሳ የሃይድሮጅን ጋዝ ውስጥ ያቆሙአቸዋል። ከመቶው ሙዮን አንዱ ያህል በሚፈለገው ሥፍራ በሁለተኛው እርከን ላይ ለጥቂት ጊዜ ይቆያል። ሌዘሩ ሙዮኑ እንደ ገባ ከሰከንድ ሚሊዮን እጅ አንዱ ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ መተኮስ አለበት። የሌዘሩ ቀለም ትክክል የሆነ እንደ ሆነ፥ ሙዮኑ ወደ ጎረቤቱ ሥፍራ ዘሎ ወዲያው ወደ ታች ይወርዳል፤ ሲወርድም የራጅ ጨረር ያወጣል። ያን ጨረር መቁጠር ነው።

በመጀመሪያዎቹ የሙከራ ጊዜያት ምንም አልተገኘም። ሊቃውንቱ ይፈልጉ የነበረው መጽሐፉ በዚህ ሥፍራ ይገኛል ባለው አካባቢ ነበር። በዚያ አካባቢ ዝምታ ብቻ ሆነ። መሣሪያው ተበላሽቶአል ብሎ ተስፋ መቁረጥ ይቻል ነበር። እነርሱ ግን መሣሪያቸውን አሻሽለው የፍለጋውን ሥፍራ አሰፉ። በ2009 ዓ.ም. ምልክቱ ከተጠበቀበት ሥፍራ በሰከንድ ወደ 75,000 ሚሊዮን ንዝረት ያህል ርቆ ተገኘ። መሥመሩ እጅግ በደመቀበት ቀለም ላይ እንኳ የሚቆጠረው ምልክት በሰዓት ስድስት ያህል ብቻ ነበረ። በ2010 ዓ.ም. ውጤቱ ታተመ፤ የፕሮቶን ልክ 0.8418 ሆነ፤ የስሕተቱም ወሰን 0.0007 ብቻ ነበረ። ከአሮጌው ቁጥር ጋር ሲነጻጸር ከመቶ አራት እጅ ያንሳል። ይህም ልዩነት አሮጌው ልኬት ለራሱ ከሰጠው የስሕተት ወሰን አምስት ጊዜ ያህል ይበልጣል።

ክርክሩ

እዚህ ላይ አንባቢ ራሱን በዳኛ ወንበር ላይ አድርጎ ያስብ። ሁለት ምስክሮች አሉ፤ ሁለቱም የታወቁና የታመኑ ናቸው፤ ቃላቸው ግን አይገጥምም። አንድ ፕሮቶን ሁለት ልክ ሊኖረው አይችልም። እንግዲህ ከአራት ነገሮች አንዱ እውነት መሆን አለበት። የቪሊገን ሙከራ ተሳስቶአል፤ ወይም የቲዎሪው ሒሳብ አንድ ነገር ዘልሎአል፤ ወይም አሮጌዎቹ ልኬቶች ተሳስተዋል፤ ወይም ደግሞ ሙዮንን ከኤሌክትሮን ለይቶ የሚነካ እስከ ዛሬ ያልታወቀ አዲስ የተፈጥሮ ኃይል አለ።

የብዙዎች ልብ ያዘነበለው ወደ አራተኛው ነበር። የላም ነገር በሁሉ አእምሮ ውስጥ ነበረና፥ ከመቶ አራት እጅ ምን አዲስ ዓለም ይከፍት ይሆን ተባለ። የቲዎሪ ሊቃውንት ሒሳቡን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ደግመው መረመሩት፤ ልዩነቱን የሚሞላ ስሕተት አላገኙም። የቪሊገን ሊቃውንትም ሁለተኛ መሥመር ለክተው በ2013 ዓ.ም. 0.8409 አወጡ። ቃላቸው አልተለወጠም። የቀረው መንገድ አድካሚው መንገድ ነበር፤ ተራውን ሃይድሮጅን ከቀድሞው በበለጠ ጥንቃቄ እንደገና መለካት።

በ2017 ዓ.ም. የጋርሺንግ ሰዎች ከሁለተኛው ወደ አራተኛው እርከን የሚያወጣውን መሥመር ለኩ። በሥራቸውም ጊዜ የመሥመሩ ቅርጽ በአጠገቡ ባለው በሌላ መሥመር ምክንያት በጥቂት እንደሚጣመም አረጋግጠው አረሙት፤ የመሥመሩንም መካከል ከስፋቱ ዐሥር ሺህ እጅ እስከ አንዱ ድረስ አጥርተው አወቁ። ውጤታቸው 0.8335 ሆነ፤ ከሙዮኑ ጋር የሚስማማ ነው። በ2018 ዓ.ም. ግን የፓሪስ ሊቃውንት ሌላ መሥመር ለክተው 0.877 አገኙ፤ ይህ ደግሞ ከአሮጌው ጋር ይስማማል። ክርክሩ እንደገና ጋለ። በ2019 ዓ.ም. በካናዳ በቶሮንቶ የሚገኘው የዮርክ ዩኒቨርሲቲ ላም የለካውን ያንኑ ልዩነት በአዲስ ዘዴ ለክቶ 0.833 አወጣ። በዚያው ዓመት በአሜሪካ በቨርጂንያ በጄፈርሰን ላቦራቶሪ የኤሌክትሮን ውርወራ ተደርጎ 0.831 ተገኘ። በ2020 ዓ.ም. ደግሞ ጋርሺንግ ፓሪስ የለካችውን ያንኑ መሥመር ለክቶ 0.8482 አገኘ።

የኮዳታ ሠንጠረዥ በ2019 ዓ.ም. ታርሞ 0.8414 ተጻፈበት። ዛሬ አብዛኞቹ ሊቃውንት ትንሹን ቁጥር ይቀበላሉ። ሙዮኑ እውነት ተናግሮ ነበር ማለት ነው። አዲስ የተፈጥሮ ኃይልም አልተገኘም፤ በ1947 ዓ.ም. ከላም ልኬት ተነሥቶ የተሠራው ቲዎሪ ፈተናውን አልፎ እንደ ጸና ቆመ። ነገር ግን መዝገቡ ፈጽሞ ተዘግቶአል ለማለት አይቻልም። በ2022 ዓ.ም. በአሜሪካ የኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ከሁለተኛው ወደ ስምንተኛው እርከን የሚያወጣውን መሥመር ለክቶ 0.8584 አግኝቶአል፤ ይህም በሁለቱ ቁጥሮች መካከል የሚውል ነው። ስለዚህ የመለካቱ ሥራ ይቀጥላል።

ከዚህ ምን እንማራለን?

አንዳንድ ሰው ይህን ታሪክ ሰምቶ፥ ይህ ሁሉ ድካም አንድን ቁጥር ከ0.88 ወደ 0.84 ለማውረድ ነውን? ሊል ይችላል። መልሱ፥ ቁጥሩ የቲዎሪው መመርመሪያ ስለ ሆነ ነው የሚል ነው። በ1947 ዓ.ም. ትንሹ ልዩነት የቲዎሪ ጉድለት ሆኖ ተገኘ። በ2010 ዓ.ም. የተነሣው ልዩነት ግን ቲዎሪውን አልጣለም፤ ያልተስተካከሉት የቀድሞ ልኬቶች ነበሩ። ሁለቱ ነገሮች ሲነሡ አንድ ይመስሉ ነበር፤ የለያቸው ሥራ ብቻ ነው። ልዩነቱን ገና ሳይመረምር የናቀ ሰው በ1947 ዓ.ም. በተሳሳተ ነበር፤ ገና ሳይመረምር አዲስ ኃይል ተገኘ ብሎ ያወጀ ሰው ደግሞ በ2010 ዓ.ም. በተሳሳተ ነበር።

ሌላም ትምህርት አለ። አሮጌዎቹ የሃይድሮጅን ልኬቶች አብዛኞቹ ለብቻቸው ቢታዩ ከአዲሱ ቁጥር ጋር ብዙ አይጣሉም ነበር። ጠባቸው የጎላው ሁሉም ተሰብስበው አማካያቸው ሲወጣ ነው። አማካይ የሚጠቅመው ስሕተቶቹ ወዲያና ወዲህ ሲበተኑ ነው፤ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ካዘነበሉ ግን መቶ ጊዜ መለካትም አያድንም። ስለዚህ አንድን ነገር በአንድ መንገድ ብዙ ጊዜ ከመለካት በተለያየ መንገድ መለካት ይበልጣል።

ይህ ነገር ለእኛ ለተማሪዎች ሩቅ አይደለም። በፊዚክስ ላቦራቶሪ በክር ላይ በተንጠለጠለ ድንጋይ የምድርን የስበት ኃይል ስንለካ መጽሐፋችን ብዙ ጊዜ 9.81 ይላል። በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ በጥንቃቄ የሠራ ተማሪ ግን የሚያገኘው ወደ 9.77 የሚጠጋ ቁጥር ነው፤ ከተማዋ ከባሕር ወለል ከፍ ያለችና ለምድር ወገብም የቀረበች ስለ ሆነች ነው። ያ ተማሪ መጽሐፉን አይቶ ቁጥሩን ሰርዞ 9.81 ብሎ ቢጽፍ ማርክ ያገኝ ይሆናል፤ ነገር ግን ያገኘውን እውነት በገዛ እጁ አጠፋ። የቪሊገን ሊቃውንትም መጽሐፉ ባለው ሥፍራ ብቻ እየፈለጉ ቢቀሩ ኖሮ ምንም ባላገኙ ነበር።

ስለዚህ፥ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ በደብተራችን ላይ የምንጽፈው ያየነውን ይሁን። ከቁጥሩም አጠገብ ምን ያህል ልንሳሳት እንደምንችል እንጻፍ። ከመጽሐፉ ያልገጠመ ቁጥር ባገኘን ጊዜ ከመሰረዛችን በፊት ክሩን ደግመን እንለካ፤ ሰዓቱን ደግመን እንይ፤ ጎረቤታችንም በሌላ ክር እንዲሞክር እንለምነው። ልዩነቱ ከዚያም በኋላ ካልጠፋ፥ እንደ ነበረ ጽፈን ለመምህራችን እናሳይ።